ጋምቤላ 1996፦ ቃጠሎው በምን ስም ተመዘገበ?

ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ከጋምቤላ ከተማ የወጣ አንድ መኪና መንገድ ላይ አድፍጠው በጠበቁት ታጣቂዎች ተመታ። ተሳፋሪዎቹ ስምንት ነበሩ። ከመካከላቸው የመንግሥት የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ይገኙበታል። ጉዟቸውም ከሱዳን ለሚመጡ ስደተኞች አዲስ መጠለያ ይሠራበታል ወደተባለ ቦታ ነበር። ስምንቱም ሞቱ። አስከሬናቸው ወደ ከተማ ሲገባ የደረሰበት ጭካኔ ለሁሉም ይታይ ነበር። ገዳዮቹ እነማን እንደሆኑ ያጣራ ሰው አልነበረም። «አኙዋዎች ናቸው» የሚለው ወሬ ግን ከአስከሬኑ እኩል ከተማው ደረሰ።

በዚያው ቀን ድንጋይ፣ ዱላ፣ ገጀራና መጥረቢያ የያዙ ደገኛ ነዋሪዎች፣ ከእነሱም ጋር የታጠቁ የመከላከያ ሠራዊት አባላት፣ የአኙዋ ሰፈሮች ውስጥ ገቡ። በተለይ ወንዶች እየተፈለጉ ተገደሉ። የሣር ክዳን ቤቶች በየተራ ተለኮሱ። የቻለ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ያልቻለ ወደ ጫካ ሸሸ። በቀጣዮቹ ቀናትና ሳምንታት በሺዎች የሚቆጠሩ አኙዋዎች ድንበር ተሻግረው ሱዳን ውስጥ ፖቻላ ገቡ። በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ ደግሞ ዲማ በሚባለው የወርቅ ቁፋሮ አካባቢ ታጣቂዎች በርካታ ደገኛ ወርቅ ቆፋሪዎችን ገደሉ። ስለ ጋምቤላ 1996 የሚጻፍ ነገር ከሁለቱ አንዱን ከዘለለ ጎደሎ ነው።

የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። በጊዜው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በነበሩት በአቶ ከማል በድሪ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በከተማው ግጭት 65 ሰዎች መሞታቸውን፣ አብዛኞቹም አኙዋዎች መሆናቸውን ገለጸ። የአኙዋ ወገኖች የያዙት ዝርዝር 424 ይላል። ሂውማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 1997 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት የኮሚሽኑን መደምደሚያ ተችቶ፣ ሠራዊቱ በአኙዋዎች ላይ የፈጸመው ድርጊት በሰብእና ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሊባል እንደሚችል ጻፈ። ስለ ቤቶቹ ግን ይህን ያህል ጭቅጭቅ የለም። ኮሚሽኑ ወደ 500 የሚጠጉ ቤቶች መቃጠላቸውን መዝግቧል፤ የመብት ድርጅቱም ከ400 በላይ ብሏል። መንግሥትና ተቺዎቹ ተቀራርበው የተገናኙት በአመዱ ላይ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ያ አመድ በሕግ ፊት ምንድን ነው? ይህን የጠየቀ ጥቂት ነው። ንብረት ማበላሸት ነው? ቃጠሎ ነው? ወይስ ለሌላ፣ ለሚበልጥ ወንጀል የተደረገ መሰናዶ? ጥያቄው የሕግ ትምህርት ቤት ክርክር ይመስላል። ነገር ግን አንድ መዝገብ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል የሚለው የሚወሰነው በዚህ ነው።

አንድ ግጥምጥሞሽ አለ። ዛሬ ፍርድ ቤቶቻችን የሚሠሩበት የወንጀል ሕግ በተለምዶ «የ1996ቱ የወንጀል ሕግ» ይባላል። አዋጅ ቁጥር 414/1996 ነው። ጋምቤላ በነደደችበት ዓመት ተሰናድቶ ጸደቀ ማለት ነው። በሥራ ላይ የዋለው ግን ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ሄዶ አይቀጣም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 22፣ ሕጉ ራሱም በአንቀጽ 5 ይህን ይላሉ። ስለዚህ የዓመቱን ስም የያዘው ሕግ የዓመቱን እሳት አይዳኝም። ለታኅሣሥ 3 የሚሠራው አሮጌው ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀውና በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን፣ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ። ሥራ የጀመረውም በድል በዓል ቀን ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም.። ንጉሡ ቀን መምረጥ ያውቁበት ነበር።

አሮጌውም ሆነ አዲሱ ሕግ የሰውን ቤት የሚያጠፋ ሰው ላይ ሦስት ደረጃ አላቸው። ታችኛው የሰውን ንብረት ሆነ ብሎ ማበላሸት ወይም ማውደም ነው። በአዲሱ ሕግ አንቀጽ 689 ላይ ይገኛል። ቅጣቱ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው፤ ክሱም የሚንቀሳቀሰው ተበዳዩ ሲያመለክት ብቻ ነው። ቀጥሎ ከባድ የንብረት ማበላሸት አለ። ከዚያ በላይ፣ በሌላ የሕጉ ክፍል ውስጥ፣ ቃጠሎ ይመጣል፤ በአዲሱ ሕግ አንቀጽ 494 ነው። ቃጠሎ ከንብረት ወንጀሎች ተለይቶ የተቀመጠው በምክንያት ነው። እሳት የአንድ ባለቤት ጉዳይ ሆኖ አይቀርም፤ የጎረቤትንም ሕይወትና ሀብት አደጋ ላይ ይጥላል። ሕጉ እዚህ ላይ የጠበቀው የጋራ ደህንነትን ነው።

የታችኛው ደረጃ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ወንጀል በመደበኛው አቤቱታው በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። እንግዲህ አንድ የአኙዋ አባወራ በዓይነ ሕሊና ይታይ። ቤቱ ታኅሣሥ 3 ተቃጥሏል፤ በጥር ፖቻላ ነው፤ በየካቲትም ፖቻላ ነው። አቤቱታውን የሚቀበለው ፖሊስ ያለው ደግሞ ወታደሮች በሚቆጣጠሯት ከተማ ውስጥ ነው። በመጋቢት ሦስት ወሩ ይሞላል። ሕጉ መክሰስ ላልቻለ ሰው ቀዳዳ ይተዋል ቢባል እንኳ፣ ያ ሰው ቀዳዳው መኖሩን የሚነግረው ጠበቃ ከየት ያገኛል?

የነገሩ እምብርት ግን መሰናዶ ነው። ሁለቱም ሕጎች፣ በአጋጣሚ በተመሳሳይ ቁጥር፣ በአንቀጽ 26 ስለ ማሰናዳት ተግባር ይናገራሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ገጀራ የሳለ፣ ቤንዚን የገዛ፣ አመቺ ሁኔታ ያመቻቸ ሰው ወንጀሉን መፈጸም እስካልጀመረ ድረስ በመደበኛው አይቀጣም። ሁለት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው መሰናዶው ራሱን የቻለ ወንጀል ሲሆን ነው፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን የመሰለ። ሁለተኛው ነገሩ እጅግ አደገኛ በመሆኑ ሕጉ ራሱ መሰናዶውን በተለይ ለይቶ ወንጀል ሲያደርገው ነው። የዚህ ድንጋጌ ጥበብ አይካድም። ሰው በሐሳቡና በግዢው ሁሉ ከተቀጣ እስር ቤቱ አይበቃም፤ መንግሥትም የሚያስርበት ሰበብ አያጣም።

ግን ሕጉ መሰናዶ ሲል የሚታየው የአውሮፓ ከተማ ነው፤ ግንቡ ድንጋይ፣ ጣሪያው ሸክላ የሆነ፣ ለማቃጠል በርሜል ነዳጅ የሚፈልግ። በባሮ ዳር በታኅሣሥ ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ ሣሩ ደርቋል። የሣር ክዳን ለማንደድ ክብሪት ይበቃል። ገጀራ ለማጨድም ለመመንጠርም በየቤቱ አለ፤ ላምባም እንዲሁ። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ በዚያች ከተማ የመሰናዶ ማስረጃ ፍለጋ ወደ ሱቅ ቢሄድ ምንም አያገኝም። እዚያ መሰናዶ ማለት እውቀት ነው፤ የቱ ቤት የማን እንደሆነ ማወቅ። በተደባለቀ ሰፈር እሳት አንዱን ቤት በልቶ አጠገቡ ያለውን ከተወ፣ የመረጠው ነፋስ አይደለም። አስከሬኑ በሰው ፊት እንዲያልፍ የወሰነው ማን ነው? ወታደሩ ከካምፕ የወጣው በማን ትእዛዝ ነው? ከሕዝቡ ጋር የሄደው ሊያስቆም ነው ወይስ ሊያግዝ? መሰናዶውን ማየት የሚቻለው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። 500 ቤት በሪፖርት ውስጥ እንደ ጉዳት መጠን ሲቀመጥ ጥያቄዎቹ ይጠፋሉ፤ የእያንዳንዱ ቤት ቦታ በካርታ ላይ ቢሰፍር ግን ራሱ ምስክር ይሆን ነበር።

በዚያ ወንዝ ዳር ንብረትንና የጦር መሰናዶን በአንድ አንቀጽ ያሰረ ጽሑፍ የመጀመሪያው ይህ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ላይ ኢታንግ አጠገብ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ፈቀዱ። የወንዝ ዳርቻው ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ውሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ ጨመረ፤ ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ዓላማ መዋል የለበትም። ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው ኢታንግ ሳይሆን ጋምቤላ ላይ ነው። ቡና በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይወርድበት ነበር፤ ከሱዳን ነፃነት በኋላም በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ቅድመ ሁኔታው በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር። ከደጋ የሚወርደው ጠመንጃ ግን በዝሆን ጥርስ እየተለወጠ አኙዋዎች እጅ ገባ። በመጋቢት 1904 ዓ.ም. ኦዶንጋ ላይ የእንግሊዝ ጦር ሊያስገብራቸው ሲመጣ ከአርባ በላይ ሰው አጥቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የመጣ መንግሥት ሁሉ፣ አዲስ አበባም ይሁን ካርቱም፣ አኙዋን መጀመሪያ የሚያየው በጠመንጃው ነው።

መሬቱ ላይ ሌላ ነገር የተጨመረው በደርግ ዘመን ነው። የ1977ቱን ድርቅ ተከትሎ ወደ 60 ሺህ የሚገመቱ ሰፋሪዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከደቡብ አካባቢዎች ወደ ጋምቤላ ተወሰዱ። ለብዙዎቹ ምርጫ አልነበረም፤ ተጭነው ነው የሄዱት። ለአኙዋውም ምርጫ አልነበረም፤ ጫካውና ማሳው ተከፋፈለ። በምዕራብ በኩል ደግሞ ኑዌሮች በግጦሽ ፍለጋና በሱዳን ጦርነት እየተገፉ ይመጡ ነበር። ኢሕአዴግ ሲገባ ክልል ተሰጠ፤ ከክልል ጋር ወንበር መጣ፤ ከወንበር ጋር ደግሞ «ባለቤቱ ማን ነው» የሚል ጭቅጭቅ። በ1996 በከተማው ሱቁ በአብዛኛው የደገኛው፣ የሣር ጎጆው በአብዛኛው የአኙዋው ነበር። ሁለቱም አንድ ገበያ ይውላሉ፤ አንዱ የሌላውን ደጅ ያውቃል።

ከዘመናዊው ሕግ በፊት የተቃጠለ ቤት ባለቤት አልባ ሆኖ አይቀርም ነበር። በደጋው አፈርሳታ ነበረ፤ አውጫጭኝም ይባላል። ማን እንዳደረገው ያልታወቀ ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም ግድያ ሲደርስ ያገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ተቀምጦ ይውላል። የሚያውቅ እስኪናገር ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም፤ ወንጀለኛው ካልወጣ ካሳውን አገሬው በጋራ ይከፍላል። ጭካኔው አይካድም፤ ንጹሑም ይቀጣበታል። ግን «አላየሁም» ማለት ዋጋ የሚያስከፍልበት ሥርዓት ነበር። በአኙዋው ዘንድ ደግሞ ድሙይ የሚባለው ዕንቁ ለጥሎሽም ለደም ካሳም ይከፈላል፤ ኑዌሩ ደሙን በከብት ያደርቃል። እንግሊዞችም ቢሆኑ በሁከት ለወደመ ንብረት የፖሊስ በጀት እንዲከፍል የሚያደርግ ሕግ ከ1886 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ነበራቸው። ሕጉ ሁከቱን ማስቆም የነበረበት ማን ነው ብሎ ይጠይቅና ለእሱ ሂሳቡን ይልክለታል። የ1949ኙ ሕግ ወንጀልን የግለሰብ ብቻ ሲያደርገው ፍትሕ ጨመረ። የጋራው ዕዳ ግን ወራሽ አላገኘም።

ያ ሕግ ሆኖም ባዶ እጁን አልነበረም። አንቀጽ 281 አለው። አንድን ብሔራዊ፣ ጎሣዊ፣ ዘራዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም ፖለቲካዊ ቡድን በሙሉም ሆነ በከፊል ለማጥፋት አስቦ መግደልን፣ አካል ማጉደልን፣ ሕዝብን በግድ ማፈናቀልንና መበተንን፣ ለሞት ወይም ለመጥፋት በሚያደርስ የኑሮ ሁኔታ ውስጥ ማስገባትን በከባዱ ይቀጣል። ቤትን ማቃጠል በዚህ አንቀጽ ውስጥ ንብረት ማበላሸት አይደለም። ሰዎቹ እንዳይመለሱ፣ እንዲበተኑ የሚደረግበት መንገድ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አንቀጽ 286 ይመጣል፤ በአዲሱ ሕግ 274 ነው። በአንቀጽ 26 የተዘጋው በር እዚህ ይከፈታል። ለእነዚህ ከባድ ወንጀሎች በአደባባይ ያነሳሳ፣ ከሌላው ጋር የመከረ፣ ቡድን ያቋቋመ ወይም የተቀላቀለ ሁሉ፣ ገና ምንም ሳይፈጸም፣ በመሰናዳቱ ብቻ ይቀጣል። ማለትም ሕጉ ታኅሣሥ 3ን የሚያይበት ዓይን ነበረው።

ዓይኑም ያረጀ አልነበረም። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ባልደረቦቻቸውን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ያለው በዚሁ በአንቀጽ 281 ነው። የቀይ ሽብር ተጠቂዎች ፖለቲካዊ ቡድን ናቸው በሚል ነበር። በዚያው መዝገብ ሕገ ወጥ የንብረት መውረስ ጭምር ከክሶቹ መካከል ነበረበት። የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰማበት ቀን ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው፤ ጋምቤላ ከነደደች ልክ በሦስተኛ ዓመቷ፣ በዕለቷ። ያን ቀን የአዲስ አበባ ጋዜጦች ስለ ዘር ማጥፋት ሲጽፉ ስለ ባሮ ያነሳ ካለ እጅግ ጥቂት ነው።

በጋምቤላው ጉዳይ የተከሰሱት ጥቂት ዝቅተኛ ማዕረግ ያላቸው ወታደሮች ናቸው። በዘር ማጥፋት ወይም በሰብእና ላይ በሚፈጸም ወንጀል ስም የትእዛዙን ሰንሰለት ወደ ላይ የተከተለ ክስ በአደባባይ አልታየም። በአንጻሩ ከግድያው በኋላ ብዙ አኙዋዎች ታስረዋል። የአጣሪ ኮሚሽኑ ሪፖርት ቀርቦ ተነበበ፤ በዚያው ተዘጋ።

የሕጉን አንድ ክፍተት እዚህ ላይ መጥቀስ ተገቢ ነው። በአሮጌው ሕግ ዘር ማጥፋትና በሰብእና ላይ የሚፈጸም ወንጀል በአንድ ርዕስ ተጠቅልለዋል፤ በአዲሱም የኋለኛው ራሱን የቻለ ትርጉም አላገኘም። በመሆኑም ዐቃቤ ሕግ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀሩታል። አንደኛው ቡድንን የማጥፋት ሐሳብ ነበረ ብሎ ማስረዳት ነው፤ ይህ የማስረጃ ተራራ ነው። ሁለተኛው ግድያውን እንደ ተራ ግድያ፣ እሳቱን እንደ ተራ እሳት መክሰስ ነው። መሐል ላይ፣ በሰፊው ወይም በሥርዓት በሲቪሎች ላይ የተፈጸመ ጥቃት የሚባለው ቦታ ባዶ ነው። ጋምቤላም የወደቀችው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ስለ መሰናዶ ያለው አቋም ተገለበጠ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በንብረት ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስን፣ ፖለቲካዊ ዓላማ ካለው፣ ሽብር አለው፤ ቅጣቱም ከ15 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክና ሞት ነው። አንቀጽ 4 ደግሞ ያቀደውን፣ የተሰናዳውን፣ ያሴረውን ከፈጸመው እኩል ይቀጣል። አንቀጽ 26 በጥንቃቄ የዘጋው በር በአንድ አዋጅ በሰፊው ተከፈተ። የተከፈተው ግን ቤት ለተቃጠለበት አልነበረም። በ1996 የጋምቤላ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ኦኬሎ አኳይ ከግድያው በኋላ ከአገር ወጥተው ኖርዌይ ገብተው ነበር። በ2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ ተይዘው ተላልፈው ተሰጡ፤ ከታጠቀ ቡድን ጋር በተያያዘ በዚህ አዋጅ ተከሰሱ። በ2008 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ2010 ከሌሎች የፖለቲካ እስረኞች ጋር ተፈቱ። ክሱ እውነት ነበር አልነበረም የሚለውን ለጊዜው ወደ ጎን መተው ይቻላል። ከታኅሣሥ 3 ጋር ስማቸው ከሚነሳ ባለሥልጣናት መካከል በመሰናዶ ተከሰው ችሎት ላይ የታዩት ግን ቤቱ በተቃጠለው ወገን የነበሩት ናቸው። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ።

ባሮም አላረፈም። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ታጣቂዎች ጋምቤላ ከተማን አጠቁ። ከተመለሱ በኋላ የክልሉ ልዩ ኃይልና ፖሊስ ተባባሪ ናችሁ ያላቸውን ቤት ለቤት እየፈለገ ገደለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 50 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋግጧል። ይህን ጊዜ ሟቾቹ ከተለያየ ብሔር ነበሩ፤ የታጠቀውም ኃይል የክልሉ ነበር። ቤት ለቤት የሚለው ቃል ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ እንመለስ፤ ጊዜ እየሄደ ነውና። ወንጀል በይርጋ ይታገዳል። በቀላል እስራት የሚያስቀጣ የንብረት ማበላሸት ይርጋው በጥቂት ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ የታኅሣሥ 3 ቤቶች በዚህ ስም ከተመዘገቡ መዝገቡ የሞተው ፖቻላ ያለው ስደተኛ ከመመለሱ በፊት ነው። ከአምስት እስከ አስር ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣው የ15 ዓመት ይርጋ አለው፤ እሱም በ2011 ዓ.ም. አልፏል። በሞት ወይም በዕድሜ ልክ የሚያስቀጣው 25 ዓመት ይሰጠዋል። ዘር ማጥፋትና ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 የዘረዘራቸው ወንጀሎች፣ ያለ ፍርድ መግደልን ጨምሮ፣ ይርጋ የላቸውም፤ በምሕረትም አይታለፉም።

ካሳውም የሚከተለው ይህንኑ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳት የደረሰበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ግን ረጅሙ ይሠራል። ስለዚህ እሳቱ «ንብረት ማበላሸት» ከተባለ ባለቤቱ የጎጆውን ዋጋ የመጠየቅ መብቱንም አብሮ አጥቷል፤ የከባድ ወንጀል አካል ከተባለ ደግሞ መብቱ አለ። በወንጀል ችሎት ካሳ መጠየቅ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ይፈቀዳል። ሆኖም ጥያቄው ብዙ ተጨማሪ ምስክር የሚያስጠራ ወይም ክሱን የሚያጓትት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ይመልሰዋል። አምስት መቶ ቤት፣ አምስት መቶ ምስክር ማለት ነው።

ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ፖሊሲው በጋምቤላ ላይ ሊሠራ ከሆነ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የአጣሪ ኮሚሽኑ መዝገብ ነው፤ የትኛው ቤት፣ የት ሰፈር፣ የማን፣ በስንት ሰዓት፣ አጠገቡ ያለው ተርፏል ወይ። በዚያን ቀን የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ያኔ ሽማግሌ የነበሩት ምስክሮች ግን እየቀነሱ ነው። ቆጠራውን የሚያቋርጥ የምርመራ ወይም የክስ እርምጃ ከሌለ፣ ለከባድ ግድያ የተሰጠው 25 ዓመት ታኅሣሥ 3 ቀን 2021 ዓ.ም. ይሞላል።